አዳዳ ያሰጠመቻት ጀልባ

ሞራ ሲቀልጥ የሚወጣውን ሽታ የሚወድ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ባለፈው ዓመት ለዘመድ ሰርግ ከሚሴ ሄጄ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ጋራዥ በር ሳልፍ፣ አንድ ሽማግሌ በቆርቆሮ ጣሳ ሞራና ኖራ ሲያማስሉ ደረስኩ። የሚያፈስ በርሜል ሊደፍኑበት ነው። ከኋላዬ ባጃጅ መንገድ ልቀቂ እያለ ጡሩምባውን ይነፋብኛል፣ እኔ አልሰማም። አፍንጫዬን ይዤ መሮጥ ሲገባኝ ቆሜ አሸተትኩ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ጤና ነሽ?» አሉኝ። ጤነኛ ሰው ቆሞ ሞራ አያሸትም፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ያን ሰዓት ከሚሴ አልነበርኩም። ጨፋ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ አጠገቤም አዳዳ ክንዷን እስከ ክርኗ ሞራ ነክራ ጀልባ ትቀባ ነበር።

አዳዳ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ በእኛ ኦሮምኛ የአባት እህት እንዲህ ነው የምትጠራው። ስሟ ፋጡማ ነው። ገና በወጣትነቷ አሰብ ወርዳ፣ ዓሊ የሚባል ጀልበኛ አግብታ እዚያው ኖረች። ናፍቆት መቼም ሰው ያስዋሻል፤ ባሕር ዳር ቁጭ ብላ ለባሏ «የኛ ጨፋ በክረምት ባሕር ነው፣ ዳርቻው አይታይም» እያለች ታወራለት ነበር። ሰውየው አመናት። ጦርነት መጥቶ ሰው ከአሰብ ሲወጣ፣ ከአባቱ የወረሳትን ትንሽ ባለሸራ ጀልባ በጭነት መኪና አስጭኖ ከሚስቱ ጋር አስቀድሞ ላካት። «ባሕር ካለ እኔም እዚያ ሥራ አላጣም፤ ቤቱን ዘግቼ እከተልሻለሁ» አላት። ድንበሩ ከኋላዋ ተዘጋ፣ ዓሊም ማዶ ቀረ።

ጀልባዋ ጨፋ የገባች ቀን እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር አሉ። አገሩ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ሊያያት ወጣ ይባላል። ጨፋ ውሃ አያጣም፤ ቦርከና ሲሞላ ረግረጉ እስከ ማሽላው ድረስ ይተኛል። ግን ላም የምታቋርጠው ውሃ ነው፣ ባሕር የሚባል አይደለም። አባቴ መኪናው ላይ የተጫነችውን አይቶ «ኑህ በሰላም ገባ ወይ?» ብሎ ነው እህቱን የተቀበላት። ከዚያ ወዲያ ጀልባዋ ግቢያችን ጥግ፣ ግራር ሥር ተገልብጣ ቀረች። ዶሮዎቻችን ሥሯ ገቡ። ልብስ ተሰጣባት። እኔ ነፍስ ሳውቅ ሰው ሁሉ በግቢው አንድ አንድ ያለው ይመስለኝ ነበር።

የዓሊ ወሬ የሚመጣው በባቲ በኩል ነው። አዳዳ አንዳንድ ሰኞ ለገበያ ባቲ ትወርዳለች፤ እዚያ ሐመዱ የሚባል አፋር ጨው ነጋዴ አለ፣ ዘመዶቹ በረሃውን ወዲያና ወዲህ ይመላለሱበታል። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ በሆንኩበት ዓመት በጋ ላይ እኔንም ይዛኝ ወረደች። ሙቀቱ ከላይም ከታችም ይመጣል፤ የግመል ሽታ ልብሴ ውስጥ ገባ። ሐመዱ ሰላምታውን አያሳጥርም። ጤናውን፣ ዝናቡን፣ ግጦሹን፣ መንገዱን ሁሉ ግማሹን በአረብኛ ግማሹን በአማርኛ ተጠያይቀው ሲጨርሱ ነው መልእክቱን ያወጣው።

«ዓሊ ደህና ነው። ‹ክረምቱ ሲወጣ በበረሃ በኩል እመጣለሁ› አለ። ‹ጀልባዬ እንዴት ናት?› አለ።»

አዳዳ ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም። «ጤነኛ ናት በለው» አለች።

ክው አልኩ። የዚያን ዕለት ጠዋት እንቁላል ልለቅም ሥሯ ስገባ ጣቴ ሳንቃውን በስቶ ማዶ ወጥቶ ነበር። እንጨቱ እርጥብ ዳቦ ሆኗል። አዳዳ ደግሞ ሶላት የማታሳልፍ፣ እኔ ስዋሽ ጆሮዬን የምትቆነጥጥ ሴት ናት። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አላስችል አለኝ።

«አዳዳ፣ ውሸት ሐራም አይደለም?»

«ሐራም ነው።»

«ታዲያ አንቺ…»

«እሱ እስኪመጣ እውነት አደርገዋለሁ። አንቺም አፍሽን ያዢ።»

ለምን እንደምትዋሽ የሰማሁት ለእናቴ ስትነግራት ነው። ማሽላ እያበጠሩ ነበር፤ እኔ አጠገባቸው እጫወታለሁ፣ ልጅ ደግሞ ጆሮ ያለው አይመስላቸውም።

«ልጅ አልወለድኩለት» አለች አዳዳ። «ምን ብሎ ይመጣል? ሰው ለሚስት ብሎ ያን በረሃ አያቋርጥም፤ ሚስት የትም አለች። የአባቱ ጀልባ ግን አንድ ናት። ሲልክብኝ እሷን ነው የሚጠይቀው፣ እኔን አይደለም። በስብሳለች ካልኩት ቀረ በይ።»

«ተይ እንጂ ፋጡማ፣ ምን ነካሽ?» አለች እናቴ። አዳዳ ማሽላውን እንደ ጠላት ታንገዋልለው ጀመር።

በሳምንቱ ጎረቤቶች ተጠርተው ጀልባዋን ገለበጧት። ዶሮዎቹ እየጮኹ ወጡ፣ ምስጥ በነጭ በነጩ ፈሰሰ፣ ከሥሯ የወጣው ሽታ የተዘጋ ጉድጓድ ነው። ያየነው ሁላችንንም አስደነገጠን። ግማሽ ጎኗ የለም። የቀረውን አዳዳ በጣቷ ስትጫነው ውሃ ያንጠባጥባል። እኔ ብስባሴ የሚተላለፍ በሽታ መሰለኝ፤ ያንን የነካሁበትን ጣቴን ለብዙ ቀን በሳሙና እየፈተግሁ፣ እሱም ይለሰልስ እንደሆን ማታ ማታ እነክሰው ነበር።

ሠሪው አያ ሙሄ ነው። አያ ሙሄ አልጋና በር የሚሠራ አናጢ ነው፤ ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። መጥቶ ጀልባዋን ሁለት ጊዜ ዞሯት።

«እትዬ ፋጡማ፣ ፊቷ በየት በኩል ነው?»

«ሹሉ ነው ፊቷ።»

«ወላሂ እኔ ሁለቱም ሹል ሆኖብኝ ነው።»

እንዲህ ተጀመረ። አዳዳ ከባሏ ያየችውን ትናገራለች፣ አያ ሙሄ ይቆርጣል፣ ይልጋል። የበሰበሰው እስከ ጤነኛው ድረስ በመሮ ይፈለፈላል፤ ትንሽ ከተረፈ ተመልሶ አዲሱን ይበላዋል ትላለች። በሳንቃና በሳንቃ መሀል ጥጥ በሰሊጥ ዘይት ተነክሮ ይጠቀጠቃል። ከሥር ያለውን ረጅሙን እንጨት አከርካሪ፣ የጎኖቹን ደግሞ የጎድን አጥንት ትላቸዋለች። እኔ ይህን ስሰማ ጀልባዋ ልብም እንዳላት አልተጠራጠርኩም፤ አያ ሙሄ መዶሻ ሲያነሳ ዓይኔን እጨፍን ነበር።

አረፋ ሲደርስ አዳዳ እኔንና የሰፈሩን ልጆች በየቤቱ ሞራ እንድንለምን ላከችን። የአሰብ ሰዎች የጀልባን ሆድ የሚቀቡት በሞራና በኖራ ነው፣ ትል አይደፍራትም። ሰው ሥጋ ሊሰጠን ሲዘረጋ «ሥጋውን ተዉት፣ ሞራውን ስጡን» ስንል ሴቶቹ ይደነግጣሉ። «ያ ረቢ! የሰይድ ልጅ ምን ነካት? ቤታቸው ምን ገባ?» አሉ። አባቴ ሰይድ ይህን ሰምቶ ሳቀ፣ ከዚያ ደግሞ ተናደደ።

አባቴ ያን በጋ ሙሉ በእህቱ ቀልዷል። ከእርሻ ሲገባ «ኑህ ሆይ፣ ጥንድ ጥንዱን መቼ ልሰብስብልሽ?» ይላታል። «ኑህንም እየሠራ ስቀውበታል፤ የሳቁት የት እንደደረሱ ሼኹን ጠይቅ» ትለዋለች። ግን አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ለአከርካሪው የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ከከሚሴ እስከ ኮምቦልቻ ጠፍቶ ሥራው የቆመ ጊዜ፣ አንድ ጠዋት ለቤታችን በር ብሎ ለዓመታት ያደረቀውን የዋንዛ ግንድ ጎትቶ አያ ሙሄ እግር ሥር ጣለው። አዳዳ ሻሿን ወደ ዓይኗ ስባ ወደ ቤት ገባች። በራችን ያን ዓመት ጆንያ ሆኖ ከረመ፣ እናቴም አላጉረመረመችም።

ክረምት ገባ። ቦርከና ሞላ፣ ረግረጉ ወጣ፣ ከማሽላው ወዲህ ያለው ዝቅተኛ ሜዳ ውሃ ተኛበት። ጀልባዋም አለቀች። ሞራና ኖራ ተቀብታ ሆዷ ነጭ ሆኖ ታበራለች። ስምንት ጎረምሶች ተሸክመው ውሃው ዳር አደረሷት። እኔ የዚያን ቀን ደስታዬን የት ላድርሰው! ቦርከና አሰብ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር። አዳዳ ትሳፈራለች፣ ቁልቁል ትወርዳለች፣ ባሏን ይዛ ትመጣለች፤ በልቤ እኔንም አሳፍሬያለሁ። ይህንን ለአያ ሙሄ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«ልጄ፣ ቦርከና አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ የአፋር አሸዋ ይጠጣዋል። ከኛ አገር ውሃ ባሕር የገባ ማን አየ?»

የሰው ሞት የሰማሁ ያህል ደነገጥኩ። ያ ሁሉ ውሃ የትም እንደማይደርስ እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረኝም።

ሁለተኛው ድንጋጤ ወዲያው ተከተለ። ጎረምሶቹ ከሄዱ በኋላ አዳዳ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባችና ጀልባዋ ላይ ድንጋይ ትጭን ጀመር። አያ ሙሄም ያቀብላታል። አንድ፣ ሁለት እያሉ አይደለም፤ ክምር ነው። ውሃው በየስፌቱ ፉጭ እያለ ገባ። ጀልባዋ ዘንበል አለች፣ ተመለሰች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወረደች። ነጩ ሆዷ ጠፋ። የሹሏ ጫፍ ብቻ ቀረ። ጮኼ አለቀስኩ፤ አዳዳ ያበደች መሰለኝ።

«ዝም በይ አንቺ!» አለች እየሳቀች። «ይህን ሁሉ ዓመት የደረቀ እንጨት በአንድ ቀን አይዘጋም። ውሃ ይጥገብ፣ ይበጥ፣ ስፌቱን ራሱ ይገጥመዋል። አሰብም ቢሆን መጀመሪያ ያሰጥሟታል። ሳምንት ትተኛና እናወጣታለን። ለአባትሽ አትንገሪ፣ ሲስቅ ሊሞት ነው።»

አባቴ በሬ ሊሸጥ ኮምቦልቻ ሄዶ ነበር።

እዚህ ላይ የጨፋን ልማድ ካልተናገርኩ የሆነው ነገር አይገባም። ክረምት ረግረጉ ከብት ይውጣል። ላም ገብታ እግሯ ከተያዘ፣ መጀመሪያ ያያት ሰው ኡኡ ይላል፤ የሰማ ሁሉ ያለውን ይዞ ይሮጣል፣ መጫኛ ያለው መጫኛ፣ በሬ ያለው በሬ። የማን ናት ተብሎ አይጠየቅም፣ ባለቤት አይጠበቅም። ስትጠብቅ ላሟ ታልቃለች። ጠላትህ እንኳ ቢሆን ትሮጣለህ። ከወጣች በኋላ ባለቤቷ መጥቶ ያወጧትን ይመርቃል፤ ሳይመረቅ ጭቃውን የሚታጠብ የለም።

ነገሩ የሆነው አዳዳና አያ ሙሄ ለሸራ የሚሆን አቡጀዴ ሊገዙ ከሚሴ የወጡ ቀን ነው። እኔ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ኡኡታው ሲሰማ አስተማሪያችን ራሳቸው ጠመኔውን ጥለው ቀደሙን። ውሃው ዳር ስደርስ አገር ምድሩ ተሰብስቧል። መሀላቸው አባቴ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ መጫኛ ጀልባዋ ሹል ላይ እያሰረ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮኻል።

«የእህቴ ናት! አድርሱልኝ፣ ያላት እሷ ብቻ ናት!»

ከኮምቦልቻ ሲመለስ ጫፏን ውሃ ላይ አይቶ ነው። አባቴን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። በጋውን ሙሉ የሳቀባት ሰው ያለቅስ ነበር።

«አባ! አዳዳ ናት ድንጋይ የጫነችባት!» አልኩ። እንደገናም አልኩ። የሃምሳ ሰው ጩኸት ውስጥ የእኔን ማን ይስማ። አንዷ ሴት እቅፍ አድርጋ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ፣ ይወጣል» ትለኛለች። ሦስት ጥማድ በሬ ተጠመደ። ባለ በሬዎቹ ጅራፍ አነሱ፣ በሬዎቹ ተንበረከኩ፣ መጫኛው ተወጠረ። ድንጋይና ውሃ የሞላች ጀልባ ስንት በሬ እንደሚከብድ ማን ያውቃል። ከውሃው ሥር ቋ የሚል ድምፅ ወጣ።

ሰው ሁሉ እልል አለ። ላም ከረግረግ ስትላቀቅ ጭቃው እንዲህ ይጮኻል፤ ለቀቃት ብለው ነው። «ለቀቀ! ግፋ! ሳብ!» ደገሙት። ያ ድምፅ ግን የአባቴ ዋንዛ ነበር። ጀልባዋ ሣሩ ላይ ስትወጣ ፊቷ ከነአከርካሪዋ ተገንጥሎ ቀድሞ መጣ፣ ሆዷ የጎድን አጥንቷን አግጥጦ ተከተለ፣ ሌላው ውሃው ውስጥ ቀረ። ሰዎቹ ግን ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። ያወጡት ረግረግ የዋጠውን ነው፤ ውሃው ሰበራት እንጂ እኛ ሰበርናት ያለ አልነበረም። እኔ እንባዬም ደረቀ።

አዳዳ በዚህ መሀል ደረሰች። አቡጀዴውን ጠቅልላ ጭንቅላቷ ላይ ተሸክማለች። አያ ሙሄ በኋላ እንደነገረን ነጋዴው ያን ሁሉ አቡጀዴ ስትለካ አይቶ ለከፈን መስሎት «ኢና ሊላሂ፣ ስንት ሰው ነው የሞተባችሁ?» ብሏት በመንገድ ሙሉ ሲስቁ ነበር የመጡት። ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ጀልባዋን አየች።

«ፋጡማ፣ ማል ጎቴ?» አላት አንድ ሽማግሌ፣ ምን አደረግሽ፣ ለምን እንዲህ ተውሻት ለማለት። «ሰጥማብሽ ነበር። ሰይድ ባይደርስ አልቆላታል። አብሽሪ፣ ሙሄ አለ፣ ይጠግናታል።»

አያ ሙሄ አፉን ከፈተ። «እኛ እኮ ራሳችን ነን ያ…» አዳዳ ክንዱን ያዘችው። አጥብቃ ነው የያዘችው፣ ጣቶቿ ነጡ። ሰዎቹ ጭቃቸውን እንደተለበጡ ይጠብቃሉ። ከመሀላቸው በሬው ጉልበቱ የቆሰለበት አለ፣ እጁን መጫኛ የላጠው ጎረምሳ አለ። ለእሷ ብለው ነው።

ልትጮህ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ልትረግማቸው ነው ብዬ። አዳዳ አቡጀዴውን ሣሩ ላይ አስቀመጠችና ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ድካማችሁን አላህ ይቁጠርላችሁ።»

«አሚን!»

«ከብታችሁን ረግረግ አይያዘው።»

«አሚን!»

«ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። የሮጠ እግራችሁ አይታመም። የተጫነውን ድንጋይ አላህ ያንሳላችሁ።»

«አሚን!»

የጀልባዋ መሰበር አስደንግጦኛል፤ ይህ ግን አጥንቴ ድረስ ገባ። ሰው የገደሉበትን እንዲህ አድርጎ መመረቅ እንደሚችል አላውቅም ነበር። አባቴ ብቻ አሚን አላለም። አያ ሙሄ በጆሮው ሹክ ሲለው አይቻለሁ፤ እጆቹ ተዘርግተው እንዳሉ ቁልቁል ወረዱ።

ያን የሚያህል ትዕግሥት ቤት ድረስ አልቆየም። በሩ ላይ ያለውን ጆንያ ገልጣ እንደገባች ወደ አባቴ ዞረች።

«በጋውን ሙሉ ስቀህብኝ ቻልኩት። የረዳኸኝ ቀን ገደልከኝ!»

አባቴ ጭቃውን እንደያዘ መሬት ላይ ተቀመጠ። «አፉ በይኝ ፋጡማ። አፉ በይኝ።» ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያለ እኛን ሲመክር የኖረ ሰው ነው። አዳዳ ረጅም ሰዓት አለቀሰች፣ እናቴም እኔም አብረን አለቀስን። በመጨረሻ ጣሳ ውሃ አንስታ ሄዳ የወንድሟን እግር ታጥበው ጀመር፤ እሱም ሊከለክላት ሲል «ዝም በል» አለችው።

ጀልባዋን የሚጠግናት አልተገኘም። አያ ሙሄ መጥቶ አይቶ፣ መሮውን እንኳ ሳያወጣ ተመለሰ። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ፣ አዳዳ ባቲ ወረደች፣ እኔንም ይዛኝ ሄደች። እኔ የፈራሁት እንደገና ጤነኛ ናት እንዳትል ነበር። ከዚያ ደግሞ እውነቱን እንዳትናገር ፈራሁ፤ እውነቱን ካወቀ አይመጣማ።

ሐመዱ ጨውና ግመሎቹ መሀል ነበር። ጤናው ተጠየቀ፣ ዝናቡ ተጠየቀ፣ ግጦሹ፣ መንገዱ።

«ዓሊ ስንቁን ጨርሷል» አለ በመጨረሻ። «‹ወሬ ጠብቄ እነሳለሁ› አለ። ‹ጀልባዬ እንዴት ናት?› አለ።»

ግመል ጮኸ። አዳዳ እጄን እንደያዘች ወደ ሐመዱ ጠጋ አለች።

«ጀልባዋ የለችም በለው።»

ሐመዱ ቀና አለ። «የለችም?»

«የለችም። በስብሳ ነበር፣ ዋሽቼዋለሁ። ላድናት ስል ተሰበረች። የለችም በለው። እኔ አለሁ። እኔን ካለ ይምጣ።»

አፋር የተቀበለውን ወሬ ሳይጨምር ሳይቀንስ ማድረስ አለበት፤ ለዚህ ብሎ መጀመሪያ ለላኪው ደግሞ ያሰማዋል። ሐመዱ መቀመጫውን አስተካከለ፣ ዱላውን መሬት ላይ ተከለ፣ ባሏ ፊቱ እንደተቀመጠ ሁሉ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ጀልባዋ የለችም። በስብሳ ነበር፣ ዋሽቼሃለሁ። ላድናት ስል ተሰበረች። እኔ አለሁ። እኔን ካልክ ና።»

የራሷን ቃል ከወንድ አፍ ስትሰማው አዳዳ ሻሿን አፏ ላይ ጫነችው። ገበያው ሁሉ የሰማት ይመስል ዙሪያዋን አየች።

«ልክ ነው?» አላት ሐመዱ።

«ልክ ነው» አለች። «እንዲሁ አድርገህ ንገረው።»